የሐረር ጉዞ ዐቢይ ኮሚቴ

እናንተዬ፣ በእኛ ጊዜ ሰው ሐረር መሄድ ሲያሰኘው ተነስቶ ይሄድ ነበር። አሁን መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋማል። የእህቴ ልጅ ከጀርመን ለዕረፍት መጥቶ እዚህ ጅቡቲ እኔ ዘንድ ካረፈ ወዲህ ቤቴ የጉዞ ቢሮ ሆኖ አረፈው። አምና ከቩርዝቡርግ እስከ ፉሰን በመኪና ሄዷል። መንገዱ «ሮማንቲክ» ይባላል፤ ጀርመኖች ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950 እ.ኤ.አ.፣ ቱሪስት ለመሳብ ያወጡለት ስም ነው። በመንገዱ ላይ ሮተንቡርግ የምትባል ግንቧ ዙሪያዋን የቆመ ጥንታዊ ከተማ አለች። «ጋሼ፣ ቁርጥ ጀጎል!» ይለኛል። ጀጎልን፣ የሐረርን ግንብ፣ እስከ ዛሬ በዓይኑ አላየውም።

ማቀዱን ማን ጠላ? የጠላሁት ሰዓቱን ነው። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚገባው ወደ ሰባት ሰዓት ግድም አይደል? ያኔ ኮሚቴው ይሟላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐረር ደርሰዋል፤ አሥር ሰዓት ላይ ላሊበላ ይጨመራል፤ ሲመሽ ስለ ግብፅ ቪዛ ይወራል። ሲነጋ ግን ለቤንዚን ኪሱን የሚዳስስ አንድ ሰው አይገኝም።

አባላቱን ብታዩ! አንዱ ጎረቤቴ ለጫቱ ሲል አወዳይ አውርዱኝና እናንተ ቀጥሉ ባይ ነው። ግንብ ምን ያደርግልኛል ይላል፤ እውነቱን ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ደግሞ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብታ ሽቶና ብርድ ልብስ ልትገዛ ነው። ልጄ፣ ያ ብርድ ልብስ እኮ ከዚሁ ከእኛ ወደብ የወጣ ነው! ብላት አኮረፈችኝ። መኪና አለኝ ያለው ሦስተኛው ነው። ቬንትሌተሩ ይሠራል ወይ ብለው፣ «ይሠራል፣ ግን አያቀዘቅዝም» አለኝ።

የእህቴ ልጅማ መንገዳችን ላይ ባለው ግራንድ ባራ ሜዳ ድሮን ላስነሳ ይላል። ድሮን! አሜሪካው፣ ፈረንሳዩ፣ ቻይናው፣ ጃፓኑና ጣሊያኑ ጦር ባሰፈሩበት አገር! እኔ በስተርጅናዬ ድሮን ሊያስነሳ ሲል ተያዘ ተብዬ ፖሊስ ጣቢያ አላድርም። ደግሞ መነሻው ነሐሴ ውስጥ፣ ያውም ከቁርስ በኋላ። በጀርመን መንገድ በየመታጠፊያው ቡና ቤት ይኖር ይሆናል። ባራ ላይ ያለው ነጭ የደረቀ ጭቃና ሐምሲን የሚሉት ነፋስ ነው፤ ጥላ ቢባል የራስህ ጥላ ብቻ።

ከዚህ ባሕር ዳር ሆኖ ጉዞ ያቀደ ሁሉ አሳሩን ነው ያየው። ራምቦ የሚሉት ፈረንሳዊ ባለቅኔ በ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ታጁራ ወርዶ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያደርስ ግመል ሲፈልግ፣ ፈቃድ ሲለምን፣ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተጎልቶ ቀረ። ሸሪኩ ላባቱ ታምሞ ሞተ። አብሮት ሊሄድ የነበረው ሶሌዬም ሞተ። በ1887 መጀመሪያ እንጦጦ ሲደርስ ምኒልክ በዋጋ ተከራከሩት፣ የላባቱንም ዕዳ ቆረጡበት፤ የቀረውን ሐረር ሄደህ ከገዥው ከመኮንን ተቀበል አሉት። ይኸውላችሁ የዕቅድ ትርፍ።

ባቡሩስ? በ1897 እ.ኤ.አ. ከዚህ ሲነሳ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው እምቢ አለ። በ1902 መጨረሻ ከተራራው ሥር ቆሞ፣ የቆመበትን ሜዳ «አዲስ ሐረር» ብለው ስም ሰጡት፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ማለት ናት። ስም ቀይሮ ደረስኩ ማለት እንግዲህ የዛሬ ልጆች የጀመሩት አይደለም።

ለነገሩ መንገዱ ይወደዳል፣ እሱን አልክድም። አሊ ሳቢህን አልፎ ደወሌ ድንበር፣ ከደወሌ ድሬዳዋ ደግሞ 220 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ነው፤ ገንዘብ ከፍለህ ቁጥቋጦና ግመል ታያለህ። ዋናው ነገር ከድሬዳዋ በኋላ ነው። ደንገጎን መውጣት ስትጀምር መኪናው ያቃስታል፣ ጆሮህ ይደፈናል፣ አንዱ ጥምዝ ላይ መስኮቱን ስትከፍት ፊትህን የሚመታው አየር ቀዝቃዛ ነው። የጅቡቲ ሰው እዚያ ላይ ዝም ይላል። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ሲላቀቅ ይሰማዋል። ከዚያ ዓለማያ፣ ደርቆ የነበረው ሐይቅ አሁን ውኃ መያዝ ጀምሯል። ቀጥሎ አወዳይ፤ እዚህ ገበያ ላይ እርጥብ ጆንያ ለብሶ የምታዩት ጫት ከዚያ ነው የሚወርደው። ያ የጫት መኪና ካርታ የለው፣ ኮሚቴ የለው፣ በየቀኑ በሰዓቱ ይደርሳል! ሐረር ስትገባ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር በላይ ወጥተሃል። ይኸን በነሐሴ፣ በማያቀዘቅዝ መኪና፣ ድሮን ይዞ?

ውሳኔዬ ይኸው ነው፦ ኅዳር እስኪገባ ማንም ንቅንቅ አይልም። መነሻው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፣ ያላለቀ ቁርስ ያለው ይቅር። ውኃው በጄሪካን ይጫን፣ ድሮኑ እዚሁ ይቆለፍበት። ወይዘሮዋ ብርድ ልብሷን ከዚሁ ትግዛ፣ ደንገጎ ላይ እኔ እለብሰዋለሁ። የፊት ወንበር የእኔ ነው።