ሥልጣን የማይለቅ ምድጃ

በእኛ ቤት ምድጃ ይሾማል እንጂ አይሻርም። አዲስ በመጣ ቁጥር አሮጌው «አማካሪ» ተብሎ እዚያው ይቀራል። ኩሽናችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሲሊንደር፣ ቡታጋዝ፣ ላቀችና አንዲት የቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ግን ተጠጋግተው ይኖሩበታል። ከሁሉም የሚገርመኝ ቡታጋዙ ነው። ስሙን ከሲሊንደሩ ጋዝ ወስዶ ሆዱ የሚጠጣው ነጭ ጋዝ ነው። ነጭ ጋዝ ከተወደደ ወዲህ ክሩ ደርቆ፣ አናቱ ላይ የሽንኩርት ዘንቢል ተሸክሞ ተቀምጧል። «ለቆራሌው እንስጠው» ባልኩ ቁጥር እናቴ «ምን አደረገህ?» ትለኛለች።

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለዋል። ይህን የተናገሩት ወጥ የሚበሉት እንጂ የሚሠሩት አይመስሉኝም። ለእናቴ ጉልቻው ሲለወጥ ወጡም ይለወጣል። «ኤሌክትሪኩ ችኩል ነው» ትላለች። «ሽሮ የሚወደው ቀስ ብሎ መንተክተክ ነው፤ ይሄ ግን ያንደቀድቀዋል።» ጉልቻው ራሱም ቢሆን ከሥራ አልወጣም። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲመጣ ያንን በርሜል የሚያህል ድስት የሚሸከም ሌላ ማን አለ? ደግሞም ሦስት ድንጋይ መሬቱ ቢጎረብጥ እንኳ አይነቃነቅም። አራት እግር ያለው የፋብሪካ ምድጃ ግን ከአንዱ እግሩ ሥር ካርቶን ካልታጠፈለት ሲወዛወዝ ይውላል።

የጉልቻ ችግሩ ሌላ ነው፤ እሱ ካለበት አይነሳም፣ ሰው ነው ወደ እሳቱ የሚሄደው። ማንደጃ የመጣው ይህን ሊገለብጥ ነው። እሳቱን በጆሮዋ አንጠልጥለው ከበረንዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ደጅ ይወስዱታል። አዲስ አበቤው «ከሰል ማንደጃ» ይላታል፤ አስመራና መቀሌ ከጣሊያንኛው ወስደው «ፈርኔሎ» ይሏታል። የእኛዋ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ልጅ ናት። ቀድሞ የዘይት ቆርቆሮ ነበረች። ቀጥቃጩ ቆርጦ፣ አጥፎና በስቶ ማንደጃ ሲያደርጋት ጽሑፏን አልፋቀላትም፤ ከአመድ ማውጫዋ አጠገብ «በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚለው ማሳሰቢያ ዛሬም ይነበባል።

አያያዟ ሥርዓት አለው። ከሥር ጭራሮ፣ ከላይ ደቃቁ ከሰል፣ ከዚያ በላይ ጉማጁ። ከዚያ ማራገብ ነው፤ ለዚህ የልጆች የአምና ደብተር ሽፋን ተወዳዳሪ የለውም። ጭሱ ከበረንዳችን ተነሥቶ ከላይኛው ፎቅ የተሰጣ ልብስ ውስጥ ይገባል። ጎረቤታችን አንገቷን አስግጋ «ዛሬም አነደዳችሁ?» ብላ ትቆጣለች። አቦሉ ሲቀዳ ግን ሳትጠራ ትደርሳለች፤ ቶናው ላይ ስለ ልብሱ የሚያነሳ የለም።

ላቀች የተማረች ናት። ታይላንድ ውስጥ የነበረ ባልዲ መሰል ምድጃ ኬንያ ገብቶ «ጂኮ» ተባለ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ የእኛ ባለሙያዎች እሱን አሻሽለው ላቀችን አወጡ። ከውጭ ብረት፣ ከውስጥ ሸክላ ናት። ሸክላው ሙቀቱ በጎን እንዳያመልጥ ስለሚይዘው ከቆርቆሮዋ ይልቅ ከሰሉን ሩብ ያህል ትቆጥባለች። ይህን ለእናቴ በወረቀት አስልቼ አሳየኋት። አድንቃ ተቀበለችኝ። የተረፈውን ከሰል ግን የከሰዓት ቡና ጨምራ ፈጀችው፤ ጆንያው እንደ ድሮው በቀኑ አለቀ።

ማንደጃን ኮት አልብሰው ወደ ምግብ ቤት ያስገቧትም አሉ፤ የሸክላ ጥብስ የሚቀርብባትን ማለቴ ነው። ከላይ ሥጋው፣ ከታች መስኮት ባለው ሆዷ ፍሙ። አስተናጋጁ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣት ቅቤው እየተንጫጫ ስለሆነ ጨዋታው ሁሉ ይቆማል። ችግሩ ምድጃዋ የእኛን ይሉኝታ አለማወቋ ነው። የመጨረሻዋን ጉርሻ «አንተ ብላ፣ አንተ ብላ» እየተባባልን ስንገባበዝ እሷ ማብሰሏን ትቀጥላለች፤ ተግደርድረን ስንጨርስ የምናገኘው ከሰል ነው።

ኤሌክትሪኩን አላማውም። ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መብራት እስካለ ድረስ ታዛዥ ነው። ሲጠፋ ግን ነገሩ ሁሉ በዚያው ያበቃል፤ ፍም የለው፣ አመድ የለው። ማንደጃዋ ቡናውን አፍልታ ሥራ አትፈታም። በተረፈው ፍም ዕጣን ይጨሳል፣ በቆሎ ይጠበሳል፣ ወጥ ይሞቃል፣ የከሰል ካውያ ይሞላል። ድሮ ጎረቤት «እሳት ልጭር» ብላ በገል ፍም ይዛ ትሄድ ነበር፤ በዚያውም የሰፈሩን ወሬ ትጭር ነበር። ከኤሌክትሪክ ምድጃ ማን ምን ይጭራል?

አንድ ነገር ላይ ግን እናቴ ቀልድ አታውቅም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ በር ዘግቶ የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል። ስለዚህ መሸት ሲል ማንደጃዋ ፍም ያዘችም አልያዘችም ወደ በረንዳ ትባረራለች።

በቀደም አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ፣ ስለ ቤተሰብ አኗኗር ልትጠይቅ መጣች።

«እማማ፣ በዋናነት የምታበስሉት በምንድን ነው?»

«ምን ለማብሰል፣ ልጄ?»

«ባጠቃላይ።»

«ባጠቃላይ የሚባል ወጥ የለም» አለች እናቴ። «እንጀራው መብራት ካለ በኤሌክትሪክ፣ ከሌለ ከሱቅ ነው። ሽሮው በላቀች። ቡናው በቆርቆሮዋ። የሕፃኑ ወተት በሲሊንደር። የበዓል ዶሮ ሲሆን ደግሞ...»

«አንዱን ብቻ ይምረጡልኝ፤ ሁለት አይቀበልም።»

«እንግዲያው እሱ ራሱ ያብስል!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ወደ ታች ፈልጋ ፈልጋ «ሌላ» የሚለውን ነካች። ታብሌቱም ወዲያው «ይገለጽ» ብሎ ባዶ መስመር አወጣ።

እናቴ በርጩማ አቀረበችላት። «ቁጭ በይ፤ ቡናው እስኪፈላ እገልጽልሻለሁ።»