ለአየሩ ብለን ነው

አዲስ አበቤን «ምን ይዞህ ኮዬ ፈጬ ገባህ?» ብትሉት «አየሩ!» ይላችኋል። ቱሉ ዲምቱ የገባውም ለአየሩ ነው፤ የካ አባዶ ያለውም እንደዚያው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለሳንባው መጨነቅ የጀመረው፣ ኪራይ ደመወዝን ጥሎት ከነጎደ ወዲህ መሆኑ እንግዲህ አጋጣሚ ነው። ንጋት ላይ ታክሲ ሰልፍ የሚቆመውም አየሩን ለመጥገብ ይሆናል። በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ እስካሁን ዕጣ የሚጠብቀውማ የትም ቢኖር «ለጊዜው ነው» ባይ ነው።

ደላላው «ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ» ይላል፤ በማን እግር እንደሆነ አይናገርም። ቤቱ ስትደርሱ ደግሞ ፈተናው ይጀምራል።

«ልጅ አላችሁ?» ይላሉ አከራይዋ እማማ።

«የለንም።»

«እንግዳ ይበዛባችኋል?»

«ኧረ ማንም አይመጣብንም።»

«ልብስስ በሳምንት ስንቴ ታጥባላችሁ?»

«አንዴ። ውሃ አለ አይደል እማማ?»

«በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ትላለች።»

ሥራ ስቀጠር እንኳ እንዲህ አልተመረመርኩም።

የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። እማማ ሕግ አክባሪ ናቸው። ውሉ ላይ የሰፈረው የሁለት ወር ብቻ ነው፤ የቀረው የአራት ወር «እንደ ልጄ ስላየሁህ በመተማመን» በእጅ ይሰጣል፣ ያለ ደረሰኝ።