ላብ በክፍያ

እኛ የሀብሩ ወረዳ ሰዎች ኋላ ቀር መሆናችን የገባኝ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣ ዕለት ነው። ቁጥር የተለጠፈበት ከነቴራ ለብሶ፣ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከተማችን መርሳ፣ መናኸሪያው ላይ ወረደ። ታላቁ ሩጫን ሮጦ ነበር፤ 10 ኪሎ ሜትር።

«ማሻ አላህ! ስንት ሰጡህ?» አለችው እናቴ።

«ኧረ እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ አክስቴ።»

«ለምኑ?»

«ለመሮጥ።»

ትንሽ ዝም አለችና «ከየት ተነስታችሁ የት ደረሳችሁ?» አለች። ከመስቀል አደባባይ ተነስተው፣ ዞረው ዞረው መስቀል አደባባይ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም፤ ቡናውን አቀረበችለት።

አትፍረዱባት፤ አታውቅም። በ1994 ዓ.ም. እነኃይሌ ገብረሥላሴ ታላቁ ሩጫን ከጀመሩ ወዲህ ሩጫ ወግ አግኝቷል። ሥርዓቱም ግሩም ነው፦ ፊት ፊት የሚበረው ይሸለማል፤ ኋላ እየጨፈረ የሚራመደው ይከፍላል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ እያልን ስንት ዘመን አወራን! 11 ቁጥር ለጥፎ እንደነበር ማን ያነሳል? ጫማስ ይቅር፤ ቁጥር የሌለው ሰው ምኑ ሯጭ ነው?

በዚህ ሚዛን አገራችን የሕገወጥ ሯጮች መናኸሪያ ናት። መርሳ ላይ ብርቱካን የምትሸጠውን ልጅ ተመልከቱ። ፌስታሉን በአውቶቡሱ መስኮት ታቀብላለች፤ ገዢው ኪስ ኪሱን ሲዳብስ ሾፌሩ ማርሽ ያስገባል። ይኼኔ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በአንድ እጇ ትይዝና፣ በሌላው የአውቶቡሱን ጎን እየደበደበች ትከንፋለች። ውኃ የሚያቀብላት የለ፣ ሰዓት የሚይዝላት የለ። ነውሩ ደግሞ፣ ሮጣ ስታበቃ ገንዘብ የምትቀበለው እሷ ናት!

በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሲደርስ ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ በእግሩ የወጣውም ሰው መመዝገቢያ አልከፈለም። 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ሜዳሊያ ይሰጠኝ ቢል በየትኛው ቁጥሩ?

ለሐቁ ያህል፣ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የማያልፍበት ጎዳና ለአንድ ጠዋት ማግኘት በነጻ የሚሆን አይደለም፤ ከክፍያው ለበጎ አድራጎት የሚውልም አለ። እኛ ጋ ግን በሲሪንቃ ሜዳ ጎሕ ሲቀድ መሮጥ ለሚፈልግ ከአህያ በቀር የሚዘጋበት የለም፤ አህያም ታሳልፋለች። ይህ መዝረክረክ መቆም አለበት። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሩጫችንን መድረሻ እዚያው በ2009 የተመረቀውን የሼህ መሐመድ አላሙዲን ስታዲየም እናድርገውና፣ ትምህርት ቤት ረፍዶበት የሚሮጠውን ተማሪ ሳይቀር እናስከፍል። ያልከፈለ ይራመድ።

ይህን ሐሳብ ለአጎቴ ልጅ እያስረዳሁት መናኸሪያው በር ላይ ደረስን። ያቺ ልጅ አውቶቡስ ተከትላ ሮጣ፣ ብሯን በጥርሷ ነክሳ እየተመለሰች ነው። ሜዳሊያውን አይታ ስንት እንደሸለሙት ጠየቀችው፤ እንደከፈለ ነገራት። ብሩን ከጥርሷ አውጥታ መቀነቷ ላይ ቋጠረችና ስንት ከፍሎ እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱንም ነገራት። በጣቷ አሰበች፣ ስንት ኪሎ ብርቱካን እንደሚሆን።

ሁለት ኪሎ ገዛት። ሦስት ፍሬ መረቀችለት።