ጣራ የሌላት ሼቭሮሌት ለኢዲዶ

አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በፈረንጅ የ1957 የሆነች ሼቭሮሌት ቤል ኤር አድሶ ጨረሰ። ጣራዋ የሚታጠፍ ሸራ፣ ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ፣ ከኋላዋ ግራና ቀኝ ክንፍ ያወጣች። ዝገት የበላውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ በይዶ፣ ክሮሙን አስነክሮ፣ ወንበሩን አልብሶ ቪዲዮውን ላከልን። ቤተሰቡን ያወከው ግን ከቪዲዮው ሥር ያሰፈረው መልእክት ነው፦ «ለደራሮ በእሷ ነው የምመጣው። ከዲላ እስከ ኢዲዶ ጣራዋን ከፍቼ!» ደራሮ የጌዴኦ የዘመን መለወጫ በዓል ነው፤ ኢዲዶ ደግሞ ቀበሌያችን።

አጎቴ ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩና «በእኛ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አሉኝ። 1949 መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እሳቸውም የ49 ናቸው።

«እኔ አባቱ እያነከስኩ፣ እሱ እኩያዬን ብረት ያሳክማል!»

በመለዋወጫ በኩል መኪናዋ በእርግጥ ታስቀናለች። የበሯ ላስቲክ፣ የመብራቷ ክፈፍ፣ ፓራፋንጎዋ ሳይቀር አሜሪካ ውስጥ ዛሬም አዲስ ይመረትላታል። ለአጎቴ ጉልበት እንዲህ ያለ ሱቅ የለም። ርዝመቷ ከ5 ሜትር ያልፋል፤ ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4.6 ሊትር ነው። የቤንዚን መክደኛዋ ደግሞ በግራው ክንፍ ክሮም ውስጥ ተደብቆ የተሠራ በመሆኑ ለማያውቅ ሰው አይገኝም። ዲላ ማደያ ስትገባ ታየኝ። ባጃጆች ከኋላ ተሰልፈው ክላክስ ያንባርቃሉ፤ ቀጂው ልጅ ጎማውን ሁለቴ ዞሮ፣ ታርጋውን ገልብጦ፣ ኮፈኑን ሊያስከፍት ነው። መክደኛው ሲገኝ ደግሞ ቤንዚኑ አልቋል። ያን ሁሉ ሲሊንደር በሃይላንድ እየገዙ ማጠጣት ሊመጣ ነው።

ክፍት መኪናማ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። በቡና ወቅት ወደየቀበሌው የሚከንፈው አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያ በላይ ጉብ ብሎ ያልሄደ ጎልማሳ ካለ አሳዩኝ። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፤ እይታው እንዲያውም ይበልጣል፣ እንሰቱን ከአናቱ ታየዋለህ። እኛ ጋቢና ቦታ ስላጣን ነው ላይ የወጣነው። እሱ ጣራ እያለው ገንዘብ ከፍሎ ያነሳዋል! ያውም ጌዴኦ ውስጥ፣ ዝናብ ሲሻው በበልግ ሲሻው በክረምት በሚመጣበት አገር።

አጎቴ የጠየቁት ዋና ጥያቄ ግን የጣራውን አልነበረም። «ስንት ኩንታል ትጭናለች?» አሉ። ኢዲዶ ውስጥ መኪና የሚመዘነው በዚህ ነው። ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ፣ የተለቀመው እሸት በዕለቱ መፈልፈያው ካልደረሰ ጥራቱ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሳይመሽ ማጠቢያ ጣቢያ የሚያደርስ ማንኛውም ነገር፣ አህያም ቢሆን፣ የተከበረ ነው። ኩባ የተማሩት ጎረቤታችን ለመኪናዋ ጥብቅና ቆሙ፦ «ሃቫና ውስጥ እኮ እነዚህ መኪኖች ታክሲ ናቸው። ሞተራቸው ወደ ናፍጣ ተቀይሮ ቀኑን ሙሉ ሰው ያመላልሳሉ።» የአጎቴ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። «ይኸ ነው ቁም ነገር! እንግዲያው የኋላ ወንበሯን ይንቀለው።»

ልጁ ይህን ሲሰማ በስልክ ሊያለቅስ ደረሰ። «አባዬ፣ ቅርስ እኮ ናት!»

«ቅርስማ እዚህ አለልህ፤» አሉት። «ዩኔስኮ በ2016 መስከረም የመዘገበው የጌዴኦን መልክዓ ምድር ነው፤ እንሰቱን ከነቡናው፣ ከነትክል ድንጋዩ። የቱቱ ፈላ ድንጋዮች ክሮም ሳይነከሩ ነው የተመዘገቡት።»

ለክብር ከሆነም ክፍት መኪና የራሱ ታሪክ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ግንቦት ኒው ዮርክ ላይ በብሮድዌይ በክፍት መኪና ሲያልፉ ወረቀት እየተበተነላቸው፣ ሕዝብ እየተጋፋላቸው ነው። በ1967 መስከረም 2 ከቤተ መንግሥት ሲወጡ ደግሞ በቮልስ። ቮልስ ጣራ አላት። እኔ ከዚህ የተረዳሁት ክፍት መኪና ለሚመጣ እንግዳ እንጂ ለሚሄድ እንደማይቀርብ ነው።

ይቺ መኪና አዲስ ሳለች ብትመጣ ኖሮ ሌላም ጣጣ ነበረባት። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ሰኔ ድረስ በግራ በኩል ነበር የምትነዳው፤ የአሜሪካ መኪና መሪ ደግሞ በግራ ነው። ሾፌሩ መንገዱን ትቶ ቦይ ቦዩን እያየ ይነዳ ነበር ማለት ነው። የኢዲዶን ቀይ ጭቃ በክረምት ላየ ግን ቦዩን መጠበቁ አይከፋም።

ነገሩን የቋጨው መንግሥት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ ካልሆነች በቀር አውቶሞቢል ከውጭ አይገባም። ልጁ «ሞተሯን አውጥቼ ባትሪ ላስገባባት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አጎቴ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ያውቃልና ይተወው አሉ።

በመጨረሻ የተላከለት መልስ አጭር ነው፦ አንተ በአውሮፕላን ና። መኪናዋ እዚያው ትቀመጥ። የጣራዋን ሸራ ግን፣ መቼም ከፍተህ ነው የምትነዳት፣ ጠቅልለህ ይዘህልን ና፤ ዝናብ ሲመጣ የቡናውን ማድረቂያ አልጋ እንሸፍንበታለን።