ስሜን እንዳትረሱ፦ የግሩፕ አሳይመንት አባላት ምደባ በጣና ዳርቻ

ስለ ጣና ገዳማት ብዙ ተጽፏል። ስለ ሐይቁ ዓሣ፣ ስለ ደንገል ታንኳውና ስለ ዘጌ ቡናም እንዲሁ። በዚያው ሐይቅ ዳር፣ በካፌ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሆነው አንድ ላፕቶፕ ስለሚከቡት ፍጥረታት ግን የሚገባውን ያህል አልተጻፈም። የአሁኑ ጥናት ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ይታመናል። የሚያምነው ጸሐፊው ነው።

ባሕር ዳር ለቡድን ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና ከእሱ በኋላ የመጣው የፔዳጎጂ አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ውሕደቱ ከተፈጸመ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈው፤ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ግን ዛሬም «ፖሊ» ወይም «ፔዳ» ይላል። በቡድን ሥራ ውስጥ መጨረሻ የሚጠፋው ነገር ስም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ነጥቡ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ይያዝልን። አገሪቱም ብትሆን የአደረጃጀት እጥረት ኖሮባት አያውቅም፤ ከገበሬ ማሳ እስከ መማሪያ ክፍል «አንድ ለአምስት» ተብለን የተቧደንንበት ዘመን ሩቅ አይደለም። መቧደኑን እናውቅበታለን። የተቸገርነው ከተቧደንን በኋላ በመነጋገሩ ነው።

የጥናቱ ናሙና የተወሰደው በከተማዋ ካሉት ኮሌጆች ከአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ባለመናገራችን ለሁሉም እኩል ውለታ ውለናል። የአሳይመንቱ ርእስ ጣናን የወረረው አረም፣ እምቦጭ፣ ነበር። እዚህ ከተማ ተምሮ ስለ እምቦጭ ሳይጽፍ የተመረቀ ሰው ካለ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል።

በመጀመሪያ ቡድኑ እንዴት እንደሚገናኝ እንይ። «ነገ ከሰዓት ሐይቁ ጋ እንገናኝ» የሚለው መልእክት በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ሁሉም አውራ ጣት ያደርጉበታል። «ከሰዓት» ማለት ከቀኑ ሰባት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ነው። ሐይቁ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በሌላው ጫፍ ጎርጎራ የቆመ ሰው «ሐይቁ ጋ ደርሻለሁ» ቢል አልዋሸም። ስለዚህ በተባለው ቀን ሁሉም ደርሰው ማንም ማንንም ሳያገኝ፣ እያንዳንዱም ሌሎቹ እንደቀሩበት አዝኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ማግስት የሚወሰነው ውሳኔ የታወቀ ነው፤ «እንከፋፈለውና በየቤታችን እንሥራ።»

በየቤቱ የተሠራው ወረቀት ሲሰበሰብ የሚከተለውን አስነበበ። የጣና ስፋት በገጽ 2 ላይ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በገጽ 5 ወደ 3,156 ያድጋል፤ በገጽ 9 ላይ 3,600 ደርሷል። ሦስቱም ቁጥሮች የሆነ ቦታ ታትመው የሚገኙ ናቸው። ሐይቁም ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ በጋ ሲሆን ይጎድላል። አሳይመንት በገፋ ቁጥር እየሰፋ ሲሄድ የታየው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

የአረሙ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። አንደኛው አባል ከአማርኛ ምንጭ ቀድቶ እምቦጭ በጣና ላይ የታየው «በ2004» ነው አለ። ሁለተኛው ከእንግሊዝኛ ምንጭ ቀድቶ «በ2011» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ ዓ.ም. ሌላው እ.ኤ.አ. መሆኑን የጻፈ ግን አልነበረም። ክፍሎቹን የመገጣጠም ኃላፊነት የተጣለበት ሦስተኛው አባል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ችግሩን አየ። ቢደውል ሁሉም ተኝተዋል፤ ስለዚህ ብቻውን ፈታው። «አረሙ ከሰባት ዓመት ዕረፍት በኋላ እንደገና ተከሰተ» የሚል ማያያዣ ዓረፍተ ነገር ጨመረ። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየት ስለሚችል መምህሩ «ስሕተት» ብሎ ለመጻፍ እስክሪብቶውን አንሥቶ ለጊዜው አመነታ። በዚህ ላይ አንዱ ተክሉን «ኤክሆርኒያ ክራሲፐስ» ሲለው ሌላው በአዲሱ ምደባ «ፖንቴደሪያ ክራሲፐስ» ብሎታል። በወረቀቱ መሠረት እንግዲህ ጣናን የወረሩት ሁለት አረሞች ናቸው፤ የመጡትም ሁለት ጊዜ ነው።

በዚህ የሚስቅ አንባቢ በ1992 ዓ.ም. የጠፋችውን ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ያስታውስ። ናሳ የሚሠራው በኒውተን ነበር፤ መንኮራኩሯን የሠራው ኩባንያ ሶፍትዌር ግን ቁጥሩን የሚልከው በፓውንድ ነበር። አልተነጋገሩም። ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣባት መንኮራኩር ማርስ ደርሳ ድምፅዋ ጠፋ። የእኛዎቹ ልጆች ያጠፉት የአንድ ደብተር ዋጋ የማያህል ወረቀት መሆኑ መነገር አለበት።

የማጠቃለያውን ክፍል የጻፈችው ልጅ ከፊቷ ያሉትን ክፍሎች አላየችም፤ ማንም አልላከላትምና። ስለዚህ «አረሙ ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት መከላከል ይገባል» ስትል ደምድማለች። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር አገር የዘመተበት አረም መሆኑ ይታወቅ። የመፍትሔ ሐሳቡ ግን በአንድ ድምፅ የጸደቀ ይመስላል፤ «ሁሉም ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው በጋራ ሊሠሩ ይገባል።» የዚህ ዓረፍተ ነገር ደራሲ ከቡድኑ የአንድም አባል ስልክ አያውቅም።

ወደ ምደባው እንግባ። የመጀመሪያው ዝርያ መሪው ነው። ግሩፑን ይከፍታል፣ ስም ያወጣለታል፣ ፎቶ ይለጥፍለታል፤ ከዚያ ኃይሉ ያልቃል። ሁለተኛው ሰቃዩ ነው፤ ሁሉንም ብቻውን ስለሚሠራ ለማንም ምንም አይናገርም። ሦስተኛው «ኔትወርክ አልነበረም» ነው። ስለ እሱ የምንለው የለም፤ ኔትወርኩ በእርግጥም አልነበረ ይሆናል።

አራተኛው ስም አስጻፊው ነው፤ ይህ ጥናት የተጻፈውም ስለ እሱ ነው።

ስም አስጻፊው በአራት ንዑሳን ይከፈላል። ቀዳሚው አሳይመንቱ እንደተሰጠ፣ መምህሩ ከበሩ ሳይወጣ፣ ሰቃዩን ትከሻው ላይ መታ አድርጎ «እኔ ካንተ ጋር ነኝ» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ አይታይም። የዋዜማው በማስረከቢያው ማታ ብቅ ይላል። መልእክቱ ረጅም ነው፤ «እንዴት አመሻችሁ ቤተሰብ» ብሎ ይጀምራል፣ የሁሉንም ጤና ይጠይቃል፣ የታመመች አክስት ያነሣል፣ ስለ ድካማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላል፤ መጨረሻ ላይ «ስሜን እንዳትረሱ» ትመጣለች። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደግሞ ፍላሹ ከመድረሱ በፊት በራፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስሙ ሳይገባ ፕሪንት እንዳይደረግ ሠራተኛዋን አስቀድሞ አግባብቷል። የመጨረሻው፣ የእስክሪብቶው፣ ወረቀቱ በስቴፕለር ከተመታ በኋላ የሚደርሰው ነው። ስሙ ከመጨረሻው ቁጥር በታች፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በእጅ ጽሕፈት ይሰፍራል። በሰነዱ ውስጥ ከኢንተርኔት እንዳልተቀዳ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ብቸኛ መስመር እሱ ነው።

ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ ያዘገየዋል ብሎ ነበር። አንዱ ምክንያቱ የግንኙነት መስመር መብዛቱ ነው፤ ስድስት ሰዎች መካከል 15 መስመር አለ፣ አሥር ሲሆኑ 45 ይደርሳል። የብሩክስ ሕግ በስም አስጻፊው ላይ አይሠራም። በመጨረሻው ሌሊት አራት ስም አስጻፊ ቢጨመር ሥራው አንድ ደቂቃ አይዘገይም፤ ስለ ሥራው ከማንም ጋር አያወሩምና። ብሩክስ አይ.ቢ.ኤም. እንጂ ባሕር ዳር አልሠራም።

ይሁንና ከቨር ፔጁን ልብ ብሎ ያየ ሰው መገረሙ አይቀርም። ስሞቹ ከነአባት በትክክል ሰፍረዋል። የአይዲ ቁጥሮቹ አንድ አኃዝ አልሳቱም። ተራው በፊደል ቅደም ተከተል ነው፤ ቅደም ተከተሉ በ«ሀ ሁ» ይሁን በእንግሊዝኛው የሚለው ተከራክረውበት በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። አቶ ስም አስጻፊ ረቂቁ በፎቶ ተነሥቶ እንዲላክለት ጠይቋል፤ አጉልቶ አንብቧል፤ «አባቴ በሁለት ኤስ ነው» ሲል አርሟል፤ መታረሙንም እንደገና በፎቶ አረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ነው የተኛው።

ማን፣ ለማን፣ ምን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ በምን መልክ ይልካል? የደረሰው ሰውስ መድረሱን እንዴት ያረጋግጣል? ይህ ሁሉ ለከቨር ፔጁ ተሟልቷል። ስለ ቡድን ግንኙነት ዕቅድ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች አበል ከፍለው የሚያስተምሩትን እነዚህ ልጆች ያለ አሠልጣኝ ያውቁታል። የሚያውቁትን ሁሉ ግን አንድ ገጽ ላይ አዋሉት። የቀሩትን ገጾች ያለ ጠባቂ ለቀቋቸው።

አምስተኛና ስድስተኛ ዝርያም አዘጋጅተን ነበር። ከአራተኛው ወዲህ ሲታዩ ግን ሁለቱም በሌላ ልብስ የመጡ ስም አስጻፊዎች ሆነው ስለተገኙ ምደባው እዚሁ ቆሟል። ወረቀቱ ከ20 ነጥብ 11 አግኝቷል፤ ሰቃዩም ስም አስጻፊውም እኩል 11።

ተማሪ ሆይ፣ የሚቀጥለው አሳይመንት ሲሰጥህ መሪ አትምረጥ። ስም አስጻፊውን ፈልገህ የግንኙነት ኃላፊ አድርገው። ስልኩ ይሠራል፣ የሁላችሁንም አይዲ ቁጥር ያውቃል፣ በማስረከቢያው ሌሊትም አይተኛም። ስሙን የምትመዘግብለት ግን ከስሙ በታች ሦስት መስመር ሲሞላ ብቻ ይሁን፤ ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ የጣና ስፋት ከየትኛው ምንጭ እንደሚወሰድ፣ ክፍሎቹን ማን በስንት ሰዓት እንደሚሰበስብ። ሞልቶ ያመጣልሃል።