ስለሚያንቀላፋ ጭንቅላትና ስለ ጎረቤት ትከሻ፦ በአዳማ–ሻሸመኔ መስመር የተደረገ ጥናት

፩. መንደርደሪያ

ከአዳማ መናኸሪያ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጎ ሻሸመኔ የሚገባ ሚኒባስ በመዝገብ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። በተግባር ግን የመፈንቅል ቤተ ሙከራ ነው። መፈንቅል ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ መደገፊያ፣ ሸክምና ጉልበት። መካከል ላይ የሚውለው የትኛው እንደሆነ እየታየም በሦስት መደብ ይከፈላል። ሾፌሩ ሞተር ሳያስነሣ ሁለቱ መደቦች ሥራ ጀምረዋል።

ረዳቱ የሽንኩርት ጆንያ ጣሪያ ላይ ሊጭን በእግሩ ጣቶች ሲቆም መደገፊያው የእግሩ ፊተኛ ክፍል፣ ሸክሙ መካከል ላይ ያረፈው ክብደት፣ ጉልበቱ ደግሞ ተረከዙን ሽቅብ የሚስበው ባቱ ነው (የእግሩ እንጂ ከተማው አይደለም)። ይህ ሁለተኛው መደብ ነው።

ሦስተኛውን የምታሳየን ሁለት ኪሎ ቲማቲም በፌስታል ይዛ፣ ክርኗን አጥፋ የተቀመጠችው ተሳፋሪ ናት። የክንዷ ጡንቻ ከክርኗ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ነው አጥንቱን የያዘው፤ ፌስታሉ ግን 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ጡንቻው የክንዷን ክብደት ሳንቆጥር 14 ኪሎ ያህል ይስባል። ነጋዴው የመዘነላት ሁለት ነው፤ ልዩነቱን አይመልስም። ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1680 መታተም በጀመረው መጽሐፉ ይህንኑ በስሌት አሳይቷል፦ ጡንቻዎቻችን ከሚያነሡት ሸክም እጅግ የሚበልጥ ኃይል ያወጣሉ። በለውጡ የምናገኘው ፍጥነት ነው፤ ጡንቻው በጥቂቱ ሲኮማተር እጅ ብዙ ይሄዳል። ቆሎ ከፌስታል ወደ አፍ የሚደርስበት ፍጥነት በዚህ ይብራራል። ቆሎው በፊት ጥርስ ሳይሆን በመንጋጋ ጥርስ የሚደቅቀውም ይህ ጥርስ ለመንጋጋ አጥንት መገጣጠሚያ ስለሚቀርብ ነው።

፪. የችግሩ መነሻ

አንደኛው መደብ ራሱ ጭንቅላት ነው። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ጭንቅላት አትላስ በተባለው የመጀመሪያው የአንገት አጥንት ላይ ይቀመጣል። የክብደቱ ማዕከል ከመደገፊያው ወደ ፊት ያዘነበለ በመሆኑ የማጅራት ጡንቻዎች ነቅተን ሳለን ሁሉ ከኋላ ይጎትቱታል። አጥንቱ ስሙን ያገኘው ሰማይን ከሚሸከመው የግሪክ ተረት ግዙፍ ነው፤ እሱ ግን ጎረቤት አልነበረውም።

ኒው ዮርካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኬኔት ሃንስራጅ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሰላው አንገት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ አከርካሪው የሚሸከመው ጫና 27 ኪሎ ይደርሳል፤ ውኃ ከሞላ የ25 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል ማለት ነው። ሐኪሙ ያሰበው ስልክ የሚያይ ሰውን ነው። በእኛ መስመር ስልኩ ሞጆ ላይ ኪስ ይገባል፤ ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ የማጅራት ጡንቻ ሥራውን ይለቃል። ሸክሙ አለ፣ መደገፊያው አለ፤ ጉልበት የለም።

የአዲስ አበባ–አዳማው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ ከጥናቱ ውጭ ሆኗል። ጉብታ ስለሌለው ጭንቅላትን መልሶ የሚያቃና የለም፤ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይሆንም።

፫. ግኝቶች

ሀ) መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ጭንቅላት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህ የኒውተን ሕግ ነው። መንገዱ ቀጥ ሲል ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ይህ የትከሻው ምቾት ነው።

ለ) ትርፍ መጫን በደንብ የተከለከለ ቢሆንም ለሦስት በተሠራ መደዳ አራተኛ ሰው ሲገባ ወደ ጎን መውደቅ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የሚወደቅበት ቦታ አይኖርም።

ሐ) ትከሻ የሚሰጠው በዕድሜ ነው። እናት ሲያንቀላፉ ጎረቤታቸው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላል፤ ከመቂ በፊት ባለችው ዓለም ጤና ላይ መውረድ የነበረበት ቢሆን እንኳ መቂ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ጎረምሳ ሲሆን መጀመሪያ ይሳላል፤ ቀጥሎ ሞጆ ሳይታለፍ «ወንድሜ፣ መቂ ደርሰናል» ይላል።

መ) የነቃ ሁሉ «አልተኛሁም፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነው» ይላል። የጎረቤቱ ሸሚዝ ርጥበት ይህን አይደግፍም።

ሠ) ጎረቤትም ሲተኛ ሁለቱ ጭንቅላቶች ተደጋግፈው ያለ አንዳች ጡንቻ ይቆማሉ። እስከ ቡልቡላ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በዚህ ሁኔታ አርሲ ነገሌን አልፈው ታይተዋል። አንዱ ከነቃ ግን ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ቀድሞ የነቃው የተኛ ይመስላል።

፬. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

የፊዚክስ መጽሐፍ ለጠፋው ጉልበት ምትክ አያቀርብም። የሻሸመኔው መስመር ግን ምትኩን በይሉኝታ አግኝቷል፤ አንዱ ማጅራት የለቀቀውን የሌላው ትከሻ ሳይጠየቅ ይረከባል። ተረካቢውም ትከሻው ደንዝዞ ሲወርድ እንኳ የሚናገረው «አይዞዎት፣ ምንም አይደል» ብቻ ነው።

አንድ ጉዳይ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ለወጣው ጆንያ ሒሳብ ይቀበላል። ከወንበር ወንበር ለተሻገረው አምስት ኪሎ ግን እስካሁን አልጠየቀም። ይህ ጥናት ለማንኛውም ረዳት እንዳይነበብ አጥብቀን እንመክራለን።