ፒኑን ጮክ ብለህ ንገር፣ ከኋላ አልተሰማም!

ፒን ቁጥሩን በመዳፉ ከልሎ የሚጽፍ ሰው ምንኛ ነውረኛ ነው! አጠገቡ የቆመውን ሁሉ ሌባ ማለቱ አይደለም? ደግነቱ እንዲህ ያለው ሰው በአዲስ አበባ እየተመናመነ ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የከተማዋ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ከተባለ ወዲህ አዲስ ጨዋነት ተፈጥሯል። ሹፌሩ ስልኩን በመስኮት ለቀጂው ያቀብልና ስድስቱን አሃዝ አንድ በአንድ ይቆጥርለታል፤ ከኋላ የተሰለፈው እንዳይቀርበት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ካፌ ውስጥም ደንበኛው ለአስተናጋጇ «አንቺው ሙዪልኝ» ብሎ ቁጥሩን ይነግራትና ወሬውን ይቀጥላል። ይህ ልማድ እንደሚያበሽቀኝ የሚያበሽቀኝ ነገር የለም፤ ስለዚህ ላመሰግነው ተነስቻለሁ።

ትልቁ ጥቅሙ ፒን መርሳት ታሪክ ሆኖ መቅረቱ ነው። ባለቤቱ ቢረሳ አስተናጋጇ ታስታውሰዋለች፤ እሷ ብትረሳ የመኪና ጠባቂው አለ። ይህን የመሰለ የጋራ ሀብት ግን በዘፈቀደ መተው አይገባም፣ ዕድሩ ይረከበው። ጸሐፊው በአባላት መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምር፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፒን። ሳያሳውቅ ፒኑን የቀየረ አባል ቀብር እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣ። በደንቡ መሠረት የቀየረውን ደግሞ ጥሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የባለወፍጮው ፒን ከዛሬ ጀምሮ መነሻው ሰባት ነው!» ይበልለት። ሁለት አባላት 123456 ላይ ቢጋጩ፣ መጋጨታቸውም አይቀርም፣ ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ቁጥሩ ለታላቁ ይጽና፣ ታናሹ ካሳ ይቀበል። አባሉ ሲሞት ሒሳቡ አስቀድሞ ባዶ ስለሚሆን ወራሾች አይካሰሱም፤ ድንኳኑን ዕድሩ ይተክላል። ሌሎቹን ጥቅሞች በአጭሩ ልለፋቸው፦ በባልና ሚስት መካከል ምስጢር አይኖርም፤ ፖሊስም የሚጠረጥረው ሰው ስለሚበዛበት ማንንም አይጠረጥርም።

«ስልኩ እጄ ላይ እስካለ ቁጥሩን ቢያውቁት ምን ያደርጉታል?» የሚሉ አሉ። ስልኩን ይቀሙታል፣ ሌላ ምን ያደርጋሉ! እ.ኤ.አ. በ2023 ዎል ስትሪት ጆርናል በአሜሪካ መጠጥ ቤቶች ሌቦች የአይፎን መክፈቻ ቁጥር አጮልቀው ካዩ በኋላ ስልኩን እየሰረቁ የባለቤቱን ገንዘብ እንደሚወስዱ ዘገበ፤ አፕልም በ2024 መጀመሪያ ላይ ለዚሁ መከላከያ የሚሆን አገልግሎት ጨመረ። ያ ምስኪን ሌባ ለማጮለቅ ስንት ምሽት ደክሟል! የእኛው በነጻ ይነገረዋል። ስድስት አሃዝ አንድ ሚሊዮን አማራጭ አለው፤ በጆሮ የሰማው ሰው ግን የሚሞክረው አንዱን ብቻ ነው። ቁጥሩን የሰማ ሰው ስልኩን ካገኘ ገንዘቡን አገኘ ማለት ነው። ይህን እያወቁ ጮክ ብሎ መንገር ጨዋነት አይደለም፣ ጅልነት ነው።

«ዓይናቸው የደከመ ወይም ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎችስ?» የሚለው ክርክር ከፊተኛው ይሻላል። እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው አልክድም፤ ጥፋቱም የእነሱ ብቻ አይደለም። ኮከብና መሰላል ተጭኖ በሚከፈተው አገልግሎት ላይ ፒኑ እንደተጻፈ ለተመልካች ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ስማርት ስልኩም አሃዙን ወደ ነጥብ ከመለወጡ በፊት ብዙ ጊዜ ለአፍታ ያሳየዋል። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስልክ ቁጥር መትቶ ልጆቹ ጋ ሲደውል ኖሯል፣ ስድስት አሃዝ አያቅተውም። የሚያስቸግረው የምናሌው ጽሑፍ ነው፤ እሱን ረዳቱ ያንብብለት፣ መጠኑን ያስገባለት፣ የተቀባዩን ስም ያረጋግጥለት። ፒኑ ላይ ሲደርሱ ስልኩን መልሶ ይስጠውና ፊቱን ወደ ሌላ ያዙር። አንገቱ አይሰበርም።